ጭቃ የማይገባበት ቤት

ይርጋዬ፣ የሺራ አባት፣

ከተለያየን አራት ክረምት አለፈ። በየዓመቱ ለተዝካርህ መቃብርህ ዘንድ እመጣና እንደዚህ አገር ልማድ ድንጋዬን አስቀምጬ፣ አልቅሼ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣኝ እመለሳለሁ። ዛሬ ግን ለለቅሶ ጊዜ የለኝም። ከአውሮፕላን ከወረድኩ ገና ሁለት ቀኔ ነው፤ ወሬው ሆዴን ወጥሮ ይዞኛል። አዎ፣ እኔው እናኑ! "ዳርኮን ምን ያደርግልኛል፣ ከዚህ ወዲያ የት ልሄድ" ስል የኖርኩት ሴትዮ ፓስፖርት አውጥቼ፣ ካፖርት ገዝቼ፣ ቤልጂየም ድረስ ሄጄ መጣሁ።

መጨረሻውን አሁኑኑ ባፈነዳው ደስ ባለኝ። ግን ጠባይህን አውቀዋለሁ። በካሴት የቀዳኸውን ውድድር ሳታየው ውጤቱን የነገረህን ሰው ሦስት ቀን ታኮርፍ ነበር። እናትህን ሳይቀር አኩርፈሃል። ስለዚህ ታገሥ፣ በየተራው ነው የምነግርህ።

በመጀመሪያ የቤቱን። ሮቫ ቴት ሰፈር የነበረው የብስክሌት መጠገኛ ሱቅህ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ በደጁ ሳልፍ አሁንም የጎማ ሙጫ የሸተተኝ ይመስለኛል። መፍቻዎችህን ለማንም አልሰጠሁም፣ በረንዳው ላይ በሣጥናቸው አሉ። እናትህ ከእኛ ጋር ናቸው። እግራቸው ደከም ብሏል፤ ምላሳቸው ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። ልጆቹን ታሠለጥንበት የነበረው የአሸዋ ኮረብታ ሕንጻ በቅሎበት ሮቫ ቴት ቫቭ የሚባል ሰፈር ሆኗል። ብስክሌት በትከሻቸው አሸክመህ "ሩጡ!" ስትላቸው በነበረው አቀበት ላይ ዛሬ ሰዎች በአሳንሰር ይወጣሉ። አሸዋ ፍለጋ አሁን ራቅ ብለን ነው የምንሄደው። ሺራ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አንተን አልፏል። ግትርነቷን ከማን እንዳመጣችው አልናገርም።

ልጆቹን የያዛቸው ኤልዳድ ነው። የመጀመሪያው ተማሪህ፣ ያ አፉ የማያርፈው። ከሠራዊቱ እንደወጣ "የይርጋን ልጆች ሌላ ሰው አይይዛቸውም" ብሎ መጣ። የአሠልጣኝነት ትምህርት ተምሯል፤ ደብተር ይዞ፣ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት በየልጁ ክንድ ላይ አስሮ ነው የሚሠራው። የበሉትን ይጽፋል፣ የተኙበትን ሰዓት ይጽፋል። አንተ በፉጨትና በቁጣ ያሠለጠንከውን እሱ በቁጥር ያሠለጥናል። ብታየው መጀመሪያ ትስቅበት፣ ቀጥለህ ደብተሩን ትሰርቀው ነበር።

ሰዎች ሳይክሎክሮስ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ ያንተኑ መልስ ነው የምሰጣቸው። መንገድ በሌለበት፣ በክረምት፣ በአሸዋና በጭቃ ውስጥ የሚደረግ የብስክሌት ውድድር ነው፤ መንዳት ሲያቅትህ ወርደህ ትሸከመዋለህ፤ አንዴ እሱ ይሸከምሃል፣ አንዴ አንተ። ክፉውን ሕግም አልረሳሁም፦ ፊት ያለው ዞሮ ሊደርስብህ ከተቃረበ ዳኛው እጁን ዘርግቶ ያስወጣሃል። በታመምክ ጊዜ አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ ያልከኝንማ እንዴት እረሳለሁ። ማሸነፉ ለሌላ ትውልድ ይሁን፣ ከልጆቼ አንዱ ብቻ ቤልጂየም ሄዶ፣ ሳያስወጡት፣ የመጨረሻው ዙር ሲገባ የሚደወለውን ደወል ቢሰማ ይበቃኛል አልከኝ። ያቺ ደወል አራት ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥላ ኖራለች።

አምና ኤልዳድ ሦስት ልጆች ይዞ ሄደ። ሦስቱንም አስወጧቸው። ለሴት ልጆች በሺራ ዕድሜ የተለየ ውድድር ስለሌለ ከትልልቆቹ ሴቶች ጋር ነው ያሰለፏት፤ ገና በሁለተኛው ዙር ዳኛው እጁን ዘረጋባት። ተመልሳ ሁለት ቀን ክፍሏን ዘግታ ተኛች። ብስክሌቱን በረንዳ ላይ አውጥታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። እኔም ያንተ ነገር በዚያው አበቃ ብዬ ፈራሁ። ኤልዳድን ምን ነካችሁ ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ "እትዬ እናኑ፣ ምን ልበልዎ፣ እኛ ሖል ነው የለመድን፤ ቦጹ ፈጀን" አለኝ። አሸዋ ለምደን ሄደን ጭቃ ጨረሰን ማለቱ ነው።

እንግዲህ ይርጋ፣ እዚህ ላይ የምናዘዝልህ ነገር አለኝ።

እናቴ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ታውቃለህ። እኔ ራሴ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ ከጎኗ ጭቃ ሳቦካ እንዳደግሁ ግን አልነገርኩህም። የተገናኘነው እዚህ አገር ስለሆነ መደበቁ ቀላል ነበር። ገበያ ላይ ድስታችንንና እንስራችንን ይገዙና፣ ዞር ሲሉ "ቡዳ" ብለው ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍኗቸው ነበር። ጎንደርን ስለቅ ጭቃ ዳግመኛ እጄን አይነካውም ብዬ ማልኩ። አንተን በዝናብ ቀን ከነብስክሌትህ ደጅ አቁሜ በውኃ ሳልለቀልቅ የማላስገባህ የነበረው ለዚህ ነው። አንተማ "የእኔ ሚስት ንጽሕና ትወዳለች፣ ቤቷ ጭቃ አይገባም" እያልክ ለሰው ታወራልኝ ነበር። ቂም ይዤ ነው እንጂ ምን ንጽሕና አለው!

የከፋው ደግሞ ይኸው። ለልጆቹ "አሸዋን የቻለ ሁሉን ይችላል" ስትላቸው እሰማ ነበር። እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ጭቃን የሚያውቅ ሰው ይህን አይልም። አንዲት ቃል ብናገር "አንቺ ደግሞ ይህን ከየት አወቅሽው" ትለኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። አንተ በሕይወት እያለህ ዝም ማለቴ አሁንም ይቆጨኛል።

ስለዚህ የዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ እንደጣለ ኤልዳድንና ልጆቹን፣ ያኮረፈችውን ሺራንም ጨምሬ፣ ሰብስቤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የላኪሽ ወንዝ ዳር ወሰድኳቸው። ትራክተር ያረሰው ጥቁር አፈር አለ፤ ዋልካ ነው፣ የአገራችን ዋልካ! ጎንበስ ብዬ ዘገንኩት። ሁሉም እንደ ትናንት ሆነብኝ። በመዳፌ አሸሁትና አሳየኋቸው። እንደ ገመድ ከተጠቀለለ ይጣበቃል፣ ጎማችሁን ሳይበላ ቀድማችሁ ውረዱና ተሸከሙ። በጣታችሁ መካከል ከፈሰሰ ከኮርቻ አትውረዱ፣ ፍሬን አትንኩ፣ መሪውን አትጠምዝዙ፣ ዝም ብላችሁ ርገጡ። ሊደርቅ ያለ ጭቃ ከሁሉ ይከፋል፤ ጠዋት ያሳለፈህ ቀትር ላይ ይይዝሃል። ይህን ካልኩ በኋላ ጫማቸውን አስወልቄ ጭድ በትኜ በባዶ እግራቸው አስረገጥኳቸው። ሺራ እየሳቀች "ኢማ፣ ኖርማሊት አይደለሽም!" ትለኛለች። ጤነኛ አይደለሽም ማለቷ ነው፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። እናትህማ ልብሳቸውን አይተው፣ "ከጭቃ አውጥቶ ኢየሩሳሌም ያገባን አምላክ፣ ልጆቹን መልሰሽ ጭቃ ስትከቻቸው ምን ይልሻል?" አሉኝ። ቢሆንም በሳምንቱ መልሼ ወሰድኳቸው። ኤልዳድ በዚያ ደብተሩ ላይ "የእትዬ እናኑ ጭቃ" የሚል ገጽ ከፈተ፤ ክረምቱ ሲጋመስ ገጹ አሥር ሆነ። የጉዞው ጊዜ ሲደርስ "ያለ አንቱ አንሄድም" ብሎ ገገመ።

ዘንድሮ ከልጆቹ የሄደችው ሺራ ብቻ ናት። ውድድሩ እሑድ ነበር። ቅዳሜ የሁሉም አገር ተወዳዳሪ መንገዱን በብስክሌት እየዞረ ይለማመዳል፤ እኛ ግን ሰንበታችን ነው። ኤልዳድ ተጨነቀ። ቁጭ ከምንል በእግራችን እንዙረው አልኩና ነጠላዬን ካፖርቴ ላይ ደርቤ፣ እኔ፣ እሱና ሺራ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄድንበት። በሰንበት ጭቃ አይቦካምና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ በዓይኔና በጫማዬ ብቻ ነበር የማየው። ግን ይርጋ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስንት ነገር ያያል! እነዚያ በፍጥነት የሚያልፉትን እኛ ቆመን አየነው። ከታች ያለው ሜዳ ውኃ የተኛበት ነው፣ ይነዳል። ከላይ ዛፎቹ ሥር ያለው ዳገት ግን ነፋስ ያገኘዋል፣ እየጠነከረ ነው። እሑድ በማለዳ ሄጄ አንድ እፍኝ ዘግኜ አሸሁት፤ እንደ ገመድ ተጠቀለለ። "ዳገቱ ሥር ሳትደርሺ ውረጂ፤ ሌሎቹ ቢነዱም አትይያቸው" አልኳት። ሺራ ራስ ቁሯን እያሰረች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

እኔ ብስክሌት የሚቀየርበት ቦታ ላይ ከኤልዳድ ጋር ቆምኩ። ሁለት ብስክሌት አለን፦ አንዱ አዲሱ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ማእከል የማታናሱ፣ ሌላው ከሦስት ስብርባሪ ገጣጥመህ የሠራኸው ቀዩ ያንተ። የጨቀየውን ትሰጠናለች፣ የታጠበውን ትወስዳለች። ብሩሽና ባልዲ ይዤ፣ ብሩሹ ሲያቅተኝ በጥፍሬ፣ እስከ ክርኔ ጭቃ ሆኜ ስፍቅ ዋልኩ። ያ ሁሉ መሐላ የት እንደገባ እንጃ!

በመጀመሪያው ዙር ከኋላ ነበረች። በሁለተኛው ዳገቱ ሥር ስምንት ዘጠኝ ሴቶች እንነዳለን ብለው ጎማቸው ተበልቶ ተደረደሩ። ሺራ ቀድማ ወርዳ፣ ብስክሌቱን ትከሻዋ ላይ ወርውራ፣ ያንን ያንተን የአሸዋ ሩጫ ስትሮጥ በአጠገባቸው አለፈች! ጮኽኩ። የምጮኸው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አማርኛ ነው፣ ዕብራይስጥ ነው፣ ዝም ብሎ ጩኸት ነው። በሦስተኛው ዙር ግን የአዲሱ ብስክሌት ሰንሰለት ተሰነቀረ። ጎትታው እየሮጠች ደረሰች፤ ያለፈቻቸው ሁሉ መልሰው አልፈዋታል። ቀዩን ሰጠኋትና ጀርባዋን ገፋሁት። ኤልዳድ ሰዓቱን እያየ "መሪዋ እየደረሰች ነው" አለኝ በቀስታ። ዳኛው ከአንድ ግንድ አጠገብ ወጥቶ ቆመ። አምና እጁን የዘረጋባት እንዲህ ቆሞ እንደነበር ሺራ ነግራኛለች። እጁ ከጎኑ ሲነሳ አየሁት።

ከኋላዋ የነበረችዋን ነው ያስወጣው።

ሺራ አለፈች። ከዚያ ደወሉ ተደወለ፣ ይርጋ። ተደወለ! አንተ በካሴት ብቻ የሰማኸው ደወል ለልጅህ፣ በሠራኸው ብስክሌት ላይ ሆና ተደወለላት። እልልታዬን አቀለጥኩት። አጠገቤ የነበሩት ፈረንጆች መጀመሪያ ደነገጡ፣ ኋላ እነሱም ለማስመሰል ሞከሩ። ኤልዳድ ደብተሩን ባልዲው ውስጥ ጥሎት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ስንተኛ ወጣች አትበለኝ፤ ከኋላ ቢቆጠር ይቀላል። ግን ጨረሰች። የአንድ ትልቅ ቡድን አሠልጣኝ ወደ ኤልዳድ መጥቶ ያቺ ልጅ ዳገቱ ላይ የሮጠችውን ሩጫ የት ተማረች ብሎ ጠየቀው፤ ለሚመጣው ክረምት አንድ ወር ከእነሱ ዘንድ እንድትሠለጥን ጋብዘዋታል። ከትልልቆቹ መሐል ቦታ ለማግኘት ገና ብዙ ይቀራታል፣ እሷም ታውቀዋለች። ትናንት ግን ልምምድ የጀመሩት ትንንሾቹ "እኛም ቦጽ እንርገጥ" ብለው ደጃችን ተሰልፈው ዋሉ።

እቤት ስንገባ ሺራ የዚያ አገር ጭቃ የደረቀበትን ጫማዋን ሳታራግፍ ሳሎኑ መሐል አለፈች። ጭቃው በየምንጣፉ ረገፈ። ወደ ደጅ አልመለስኳትም። እናትህ እሷን አይተው፣ እኔን አይተው፣ "ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?" አሉ። ቀጥለው ልጅቷን አቅፈው ጉልበቷን ሳሙት።

አሁን የምጽፍልህ በረንዳው ላይ ሆኜ ነው። ከቀዩ ብስክሌት የፋቅሁትን ጭቃ በላስቲክ ቋጥሬ አምጥቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ፈታሁት፣ ውኃ ነካ አደረግሁትና አቦካሁት። ሸክላ ከሠራሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ጣቶቼ ግን አልረሱም። ብስክሌት በትከሻዋ የተሸከመች አንዲት ትንሽ ልጅ ሠርቻለሁ። ስትደርቅ በእሳት እተኩሳታለሁ፤ ለተዝካርህ በድንጋዩ ፈንታ እሷን ይዤልህ እመጣለሁ። በየክረምቱም ልጆችህ ከደረሱበት አገር ጭቃ እየቋጠርኩ አንድ አንድ እሠራልሃለሁ። እንዳልረሳሁህ በእነሱ ትቆጥራለህ። ከእንግዲህ የማውቀውን አልደብቅህም።

የሸክላዋ ብስክሌት ቸርኬ ግን ትንሽ ጠምሞብኛል። እኔ የማውቀው ጭቃውን ነው፤ ማቃናቱ ያንተ ሥራ ነበር።

እናኑህ