ከፕሮግራሙ ላይ ስለ ሰረዝኩት የፈቃድ ጽሑፍና ስለ ባለቤቴ ድምፅ

ለትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ማባዣና ማሠራጫ ድርጅት ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ፣ ይህ ግልጽ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና፣ በረጋ የደም ግፊትና በተደላደለ ወንበር ላይ እንዲያገኝዎ ፈጣሪን እየለመንኩ፣ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነብላቸው ድርጅታችን አባዝቶ ከሚያድለው ፕሮግራም ላይ የፈቃዱን ጽሑፍ ከነሠሪዎቹ ስም የሰረዝኩት እኔ የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ነኝ። ትእዛዙ የእርስዎ፣ ጣቱ የእኔ ነበር። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ በጸሎቴ እንኳ «ኃጢአቴን ይቅር በል» እያልኩ በደፈናው ሳልፈው ኖሬአለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ፕሮግራሙን መጀመሪያ የሠሩት መልካቸውን የማናውቃቸው የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነው፤ የውስጥ ሥራውን ለሁሉም ከፍተው፣ ውሰዱት፣ ለውጡት፣ አባዙት፣ ቢያሻችሁም ሽጡት ብለው ለቀቁት። የለመኑት ቢኖር፣ የተለወጠው ፕሮግራም ተጠናቅቆ ለሰው ሲታደል የፈቃዱ ጽሑፍና የሠሪዎቹ ስም አብሮት እንዲሄድ፣ የለወጠውም ሰው ምን እንደለወጠ እንዲገልጽ ብቻ ነው። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ የነበረችው ባለቤቴ ይህንኑ ፕሮግራም ወስዳ ቋንቋችንን አስተማረችው። ድምፁም የእሷው ነው። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንባ ድምፁን ስትቀዳ፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ጎረቤታችንን ቆርቆሮ ቀጥቃጩን በእጅ ምልክት እለምነው ነበር። ሚስትህ ፊደል ቆጥራ እስክትጨርስ እኔ ጦሜን ልደር ወይ እያለ ያሾፍብኛል፤ መዶሻውን ግን ያስቀምጥልኝ ነበር።

ስትጨርስ ስሟን ከሠሪዎቹ ሁሉ በታች ጻፈች። የሚገለገሉበት ሰዎች ዓይነ ስውራን በመሆናቸውም፣ ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት የስሞቹን ዝርዝር ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረገች። ይህን ሁሉ ምን አደከመሽ ብላት፣ «ሰው ቤት ገብቶ የባለቤቱን ስም ሳይጠይቅ የሚወጣ ሰው ደስ አይለኝም» አለችኝ። ብዙም ሳትቆይ ታማ አረፈች። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ፕሮግራሙን ወስደው የፊት ገጹን ቀለም ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ስላስለወጡና የድርጅታችንን አርማ ስለለጠፉበት እጅዎ ይባረክ። በተለይም የስም ዝርዝሩ ተማሪዎቹን ያሰለቻል ብለው ስለ ጊዜያቸው በመቆርቆርዎና በቦታው «ይህ ፕሮግራም በድርጅታችን ባለሙያዎች ተሠራ» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር እንዳስገባ በማዘዝዎ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ፕሮግራሙ የሰጡትን ሁሉ የሚያነብ ታዛዥ ነውና ይህንንም አነበበ፤ በባለቤቴ ድምፅ። በሕይወት ሳለች ማንም ያላስዋሻትን ሴት ከመቃብር አስነሥተው ስላስዋሹልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ የመሰረዙን ሥራ ለባዳ ሳይሰጡ ለእኔ ስለሰጡኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ያስፈራራኝ ሰው አልነበረም። ግን ማባዣ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ቅጂ ከመታሸጉ በፊት ተከፍቶ ይፈተሻል፤ ፈታሹም እኔ ነኝ። በየቀኑ ሥራ ስገባ ድምፅዋን እሰማ ነበር። እምቢ ካልኩ ወደ ሌላ ክፍል እዛወራለሁ ብዬ ፈራሁ። ድምፅዋን ላለማጣት ብዬ ስሟን ሰጠሁ፤ የቀረልኝም ድምፅ በየቀኑ ጆሮዬ ሥር ሲዋሽ ይውል ጀመር። ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም።

ሦስተኛ፤ ያልነበሩንን «ባለሙያዎች» ስለሰጡን። ከወር በፊት አንዲት ዓይነ ስውር መምህርት ደውላ ባለሙያዎቹን አገናኙኝ ስትል፣ ስልኩ ከክፍል ክፍል ሲዞር ውሎ ማረፊያ በማጣቱ እኔ ዘንድ መጣ። ፕሮግራሙ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጸጥ ስለሚል የሒሳብ ተማሪዎቿ ተቸግረዋል። ስህተት ሲገኝ የሚጻፍበት የሠሪዎቹ አድራሻ በሰረዝኩት ጽሑፍ ውስጥ ነበርና ልሰጣት አልቻልኩም።

«አባቴ፣ ይህችን የምታነበውን ሴትዮ ራሷን ማግኘት አይቻልም?» አለችኝ።

አይቻልም አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

በማግስቱ ቢሮዎ ገብቼ፣ ጽሑፉ ይመለስ፣ ፈቃዱም ያለዚህ አልተሰጠንም ብዬ ስለምንዎ፣ እርስዎ በትሕትና ሻይ ጋብዘውኝ፣ «ነፍሷን ይማርና፣ ለሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ቃሉ እንግዳ አልሆነብኝም፤ ስሟን ስሰርዝ ለራሴ ያልኩት ያንኑ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ ተንበርክኬ ጸለይኩ፤ በዚህ ጊዜ በደፈናው አልነበረም። ከዚያም ካረፈች ወዲህ ያልነካሁትን ኮምፒውተሯን አቧራውን ጠርጌ ከፈትኩት። ጽሑፉ ከነአድራሻው እንዳስቀመጠችው ነበር።

ለሰጡኝ ሻይና ለቸሩኝ ጊዜ እጅ እየነሣሁ፣ የድርጅቱ ዝና ከእውነቱ እንዲስተካከል እየተመኘሁ፣ የማባዣ ክፍሉን ቁልፍ ለጥበቃው አስረክቤ የተሰናበትኩ፣

የቀድሞ ታዛዥዎ፣ የድምፁ ባለቤት ባል።

ማስታወሻ፤ ክቡርነትዎ፣ ፈቃዱ ፕሮግራሙን የለወጠ ሁሉ ምን እንደለወጠ ይግለጽ ስለሚል ማንንም ላለመበደል ተጠንቅቄአለሁ። ባለቤቴ ቋንቋውንና ድምፁን እንደሰጠች፣ ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጁ ሰማያዊውን አረንጓዴ እንዳደረጉ፣ እኔ ደግሞ ስሞቹንና አድራሻውን እንደሰረዝኩና እንደመለስኩ ከሠሪዎቹ ዝርዝር ሥር ጽፌ፣ ፕሮግራሙ ሲከፈት ሁሉንም እንዲያነብ አድርጌአለሁ። የፊተኛውን ቅጂ ለተቀበሉት ትምህርት ቤቶች በሙሉ የታረመውን ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት አባዝቼ ዛሬ ጠዋት ፖስታ ቤት ወስጄ ልኬአለሁ፤ የመምህርቷን ግን ራሴ ወስጄ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት፣ ሴትዮዋም ማን እንደነበረች ነገርኳት።