ሰማያዊቷ መኪና የማን ነበረች?

ጥቅምት 6

ዛሬም መጋረጃ። ለአንድ ሆቴል፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ስስ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ገባና የተሰቀሉት በሙሉ አንዴ ተነፈሱ... ጭልጥ አልኩ። እግሬ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ነው፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ነኝ፣ መሪ ይዣለሁ፣ እማ አጠገቤ ተቀምጣለች። ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም።

"እመቤት፣ ክሩ አልቋል እኮ!" አለችኝ አለቃዬ።

ለካ በባዶ መርፌ ነው ስነዳ የቆየሁት።

ጥቅምት 7

እማን ሕክምና ወሰድኳት። ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሁለት ታክሲዎች ተሽከርካሪ ወንበሯን አይተው አለፉን። ሦስተኛው ቆመ።

"እንደ ቁም ሣጥን ጫኑኝ" አለች እየሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው።

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰባት ዓመቴ። መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ምን እየጠበቅሁ ነው?

ጥቅምት 11

አየኋት።

ትልቁ መንገድ ዳር ካለው ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ፣ ከኋላ ረድፍ። ሊዘንብ ሲል ያለ ሰማይ የመሰለች ሰማያዊ። ልቤ ሸፈተ፣ በቃ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ውስጧ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። መሪውን ያዝኩ... ከዚያ በኋላ ሻጩ ያለኝን ግማሹን አልሰማሁም።

ለራሴ ሳቂታው ብዬዋለሁ። ጥርሱ አይከደንም። "እህቴ፣ ይቺ እኮ የተከበረች ናት። አንድ ሰው ብቻ ነው የያዛት። መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት።"

ቀብድ ሰጠሁ። እየተንሳፈፍኩ ቤቴ ገባሁ።

ጥቅምት 12

ለእማ ነገርኳት። ስለ ቀለሟ ብቻ ሩብ ሰዓት አወራሁ መሰለኝ።

"የማን ነበረች?"

"መድኃኒት ቤት ያላት ሴትዮ።"

"ማን አለ?"

"ሻጩ።"

"የኔ ልጅ፣ ቀድሞ ነው መጥኖ መደቆስ" ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ተናደድኩ። ሕልሜን ለምን ትነካብኛለች? ... ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

ጥቅምት 16

የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ የተሽከርካሪ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የሻንሲ ቁጥሯን ገልብጬ ይዣለሁ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ትፈልጋለች። አሳየኋት። ሳቀች። ከዚያ በኋላ ዘመዷ ሆንኩ።

"አንድ ባለቤት ነው ያሉሽ?"

"አዎ።"

አንድ ገጽ ገለጠች። ሌላ ገለጠች። "አራት ናቸው። መድኃኒት ቤት ያላት እውነት ነው፣ ስድስት ዓመት ይዛታለች። ከሷ ወዲህ ግን... አንዱ አምስት ወር። አንዱ አራት ወር። የመጨረሻው ሰባት ወር።"

"ምን ማለት ነው?"

"እኔ ወረቀት ነው የማነበው። ግን ሰው ደህና መኪና በአራት ወር ይሸጣል?"

የመጨረሻው ባለቤት ማነው፣ የት ነው የሚኖረው ብዬ ጠየቅኳት። "ይሄን መናገር አይፈቀድልኝም" አለች። ፋይሉን ክፍት ትታ ስልክ ልታነሳ ዞረች። ስልኩ አልጮኸም ነበር።

አናጺ። ከድልድዩ ማዶ።

ጥቅምት 18

የእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ብናኙ በብርሃኑ መሃል ቆሟል፤ አይወርድም፣ አይወጣም። ደስ የሚል ቦታ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ ምንም ሳልጠይቅ ብቀር ተመኘሁ።

"ስለ ሰማያዊዋ መኪና ልጠይቅዎ ነበር" አልኩት።

መጋዙን አጠፋ። "ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም! ልገዛት ብዬ ነው።"

ተቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ደግሞ ጠረገ።

"ጎርፍ ውስጥ ሰንብታለች። ከእኔ በፊት ነው፣ ከገዛኋት በኋላ ነው መካኒክ የነገረኝ። ሽቦዋን ዝገት ውስጥ ውስጡን በልቶታል። ደህና ትሄዳለች፣ ትሄዳለች... ከዚያ ጭጭ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነ። ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች፣ አጠገቤ።"

"ከዚያስ?"

"አጥር አስቆመን። ተርፈናል።"

"ሻጩ ያውቃል?"

"አሳምሮ! 'ይሁን፣ የእኔ ጉዳይ ነው' ብሎ ነው የወሰዳት። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ማን እንደሚገዛት ላለማሰብ በዚያ መንገድ አላልፍም። በዚያ ማዶ ነው የምዞረው።"

ስወጣ ስልክ ቁጥሩን በቁራጭ እንጨት ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ለምን እንደሰጠኝ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም።

ጥቅምት 20

ሳቂታው ጋ ሄጄ ያወቅሁትን ነገርኩት። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ብቻ ጥሎት ሄደ። ቀብዴን ያለ ክርክር መለሰ።

"አንቺ ተርፈሻል አይደል? በቃ። የሰው ገበያ አትዝጊ።"

ብሩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ለምን አላለኝም?

ጥቅምት 21

ስሰፋ ያ ቁልቁለት መጣብኝ። እማ አጠገቤ ነበረች።

ጥቅምት 25

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ አየኋቸው። ባልና ሚስት። እሱ መሪው ጋ ተቀምጧል፣ እሷ ከኋላ ሕፃን ታቅፋለች። ሰማያዊዋ ውስጥ! ለመውረድ አልወሰንኩም። እግሬ ነው የወረደው።

"አትግዟት" አልኩ። ድምፄ እንደ ክር ቀጠነ። "ጎርፍ ገብቷታል። ስትሄድ ትጠፋለች።"

"ቅናት ነው" አለ ሳቂታው እየሳቀ። "ብሩ ሳይሞላላት ቀርቶ ነው። እሷም ልትገዛት ነበር።"

ባልየው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። "እህቴ፣ በምን አወቅሽ? ማረጋገጫ አለሽ?"

ለአናጺው ደወልኩ። መጋዙ ሲጠፋ ሰማሁ። ከዚያ፣ "መጣሁ።"

ግማሽ ሰዓት ቆምን። ሳቂታው የሌሎቹን መኪኖች መስታወት ይወለውላል። ፀሐይዋ ሰማያዊዋ ላይ ወርዳ... አሁንም እንዴት ታምራለች! ካልመጣስ?

መጣ። ብናኙን ፀጉሩ ላይ እንደያዘ። ለማንም ሰላም አላለም።

"እኔ ነኝ የሸጥኳት። ልጄን ሳይወለድ ልትገድልብኝ ነበር። ለዚህ ሰው ነግሬዋለሁ። ለሌላ ሰው ግን ሳልናገር ቀረሁ።"

ሴትየዋ ሕፃኑን ይዛ ወረደች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

ኅዳር 3

አናጺው ቃሉን ጽፎ ፈረመ፤ ወረቀቱ መዝገብ ቤት የሰማያዊዋ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ ፋይሏን ያስወጣ ሁሉ ያገኘዋል።

ዛሬ ሌላ መሸጫ አብሮኝ ሄደ። የየመኪናውን ምንጣፍ እየገለጠ ያሸታል። ሻጩ "ሰውዬው ጤነኛ ናቸው?" አለኝ በሹክሹክታ። አንዷን ወደድናት። ቀለሟ የአሮጌ ካልሲ ነው። ግን የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ጠየቅሁ፣ ትጠገንበት የነበረው ጋራዥ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። የአንድ ሰው ነበረች፣ የጡረተኛ መምህር። በራቸውን አንኳክቼ እሳቸውንም ጠየቅኳቸው። ከጎረቤት ጨው መጠየቅ የማፍረው እኔ!

ኅዳር 12

እማን ከፊት አስቀመጥኳት። ወንበሯን አጥፌ ከኋላ ጫንኩ። መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ትንሽ ፈጠን... ዛፎቹ በሁለት ወገን ይፈሳሉ። ሕልም ነው እንዳልል ከኋላዬ ያለው ጥሩምባውን ይነፋብኛል።

ሕክምና ቤቱ በር ላይ ደረስን። ልወርድ በሩን ስከፍት፣ ደህናው እጇ ክንዴን ያዘ።

"ቆይ።"

"ምነው እማ? አመመሽ?"

"አላመመኝም። አንዴ አዙሪኝ።"

"ቀጠሮሽ ያልፋል እኮ።"

"ይለፍ! ሁለት ዓመት የተኛ እግር ሩብ ሰዓት አይጠብቅም?"

በሩን ዘጋሁ። እሷ መስኮቱን አወረደች፤ ንፋሱ ነጠላ ሽበቷን ከሻሿ ሥር እየሳበ አወጣው። አልመለሰችውም።

ስንት ጊዜ እንደዞርን አላውቅም። ሐኪሙ ተቆጣን። እማ እንደ ተማሪ አንገቷን ደፍታ፣ በጎን በኩል ጠቀሰችኝ።