ብዙ የተጠመዘዘው ፕሮፔለር

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትዎና ከወንድምዎ ጉድ በቀር ደህና ነን።

የኩሽና በር መጠገን ያቃተው ባሌ ጋራዥ ውስጥ የገጣጠማትን አውሮፕላን ጨርሶ አየር የሚቀዝፍላትን ፕሮፔለር መረጠላት። መካኒኩ «መነሻ ሜዳው አጭር ነው፤ ጥምዙ አነስ ያለው ቶሎ ያነሳሃል» ቢለው፣ «እኔ የምፈልገው ፍጥነት ነው» ብሎ ብዙ የተጠመዘዘውን ገዛ። መኪናን በአራተኛ ማርሽ ማስነሳት ማለት እኮ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ እኔ እንኳ ገብቶኛል። ሜዳውን በእርምጃ ለካሁት፤ አራት መቶ ላይ ግንብ አለ።

እሁድ ሊበር ሲል እርስዎ የላኩለት የፕሮፔለሩ ማሰሪያ ብሎኖች ጠፉ። ዝርክርክ መሆኑን ያውቃሉ። ሦስት ቀን ሙሉ አብሬው ስፈልግ ሰነበትኩ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። ወንድምዎም እጅ ይነሳል፤ አሁን አልጋ ሥር ገብቶ እየፈለገ ነው። ስድስቱን ብሎኖች ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ፤ እርስዎ ዘንድ ይቆዩልኝ።