ለቢላዋ አልሰጣትም

ለምወድሽ ልጄ፣ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እዚህ ሐይቅም ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ነው። ስልክ እያለ መጻፌ፣ ስናወራ ባልሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ስለሚያዳምጥ ነው።

ገብስማዋ ዶሮሽ በጠና ታማለች። የበላችው አልወርድ ብሏት አንገቷ ሥር ድንጋይ የዋጠች ይመስል አብጧል፤ መቆምም አቅቷታል። ጎረቤታችን ሙሐዲን ይህን ሰምቶ ቢላዋውን ስሎ መጣ። ክፋት የለውም፣ ሥጋዋ እንዳይባክንብኝ አስቦልኝ ነው። ሳትበክት ቢስሚላህ ልበልባት፣ ኋላ ለውሻ ነው የምትሆነው አለኝ። ትብከታ አልኩት። ለውሻም ትሁን። ትንፋሿ እያለ ለድስት የምቸኩልበት ምን ረሃብ አለብኝ?

መላ ሰፈሩ ሳቀብኝ። የዶሮ አስታማሚ ሆነች አሉ። ይሳቁ። ለብ ያለ ውኃ ከዘይት ጠብታ ጋር እየሰጠሁ አንገቷን ቀስ አድርጌ አሻታለሁ፤ ጓዳ ውስጥ በአሮጌ ሻሼ ጠቅልዬ አስተኛታለሁ። ዛሬ እብጠቱ ትንሽ ጎደል ብሏል። ትድናለች ብዬ አልዋሽሽም። ዕንቁላል መጣሉንም እንጃላት። ግን እኔ ቤት የታመመ ቶሎ ጨርስ አይባልም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። እዚያው ውጫሌ ያገባችው የአክስትሽ ልጅ ሀዲያ መጥታ ሁሉንም ነግራኛለች። ጀሪካን ማንሳት አቅቶሽ ግድግዳ ተደግፈሽ አይታሻለች። ባልሽም፣ እናቷ ዘንድ ሄዳ ትረፍ እያለ ለሰው ያወራል አሉ። ትረፍ ማለቱ ምን እንደሆነ አይጠፋኝም። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ ደብቀሽ ስለ ዶሮ ትጠይቂኛለሽ። ባሏ መለሳት እንዳይሉሽ ፈርተሽ ነው አይደል? ይበሉ። አፋቸው ይድከም እንጂ አንቺን ምን ይቀንስሻል።

እስኪልክሽ ግን አልጠብቅም። ባሏ የመለሳት ሳይሆን እናቷ የወሰደቻት ነው የምትባዪው። ይህን ወረቀት ሀዲያ በእጅሽ ትሰጥሻለች፤ እኔ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ። ልብስሽን ብቻ ሰብስቢ፣ ሌላው እዚያው ይቅርለት። መራመድ ካቃተሽም እስከ መኪናው አዝልሻለሁ፤ ድሮም አዝዬ ነው ያሳደግኩሽ። ባልሽ ፊቱን ቢያጠቁር ከእኔ ጋር ይነጋገር።

አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ። ከዕድሜዬ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ። እኔን ያስቀድመኝ።

እናትሽ