መቀነቱን ስትሰጥሽ

ውድ ኤልሳቤጥ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በሌላ ቃል ስለማይጀመር ነው። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ጥያለሁ። በአንዱ ላይ «ለወይዘሮ ኤልሳቤጥ» ብዬ ብጀምር የቀበሌ መጥሪያ መሰለብኝ። በሌሎቹ ላይ የጻፍኩትን ደግሞ ልጅሽ አንድ ቀን ማንበብ ቢችልስ ብዬ አፈርኩበት። ስለዚህ ለዚህ ደብዳቤ ያህል ውድ ነሽ።

በስልክ የላክሽልኝ መልእክት ደርሶኛል። እንዳላየሁት ሆኜ አሥራ ሁለት ቀን አቆየሁት። «ማሬ፣ ዘርዓብሩክን አስወጡብኝ። ልጅ ገፋ ብለው ወላጆች ተሰብስበው ፈረሙበት። ኪዳንን የምታሠለጥናትን ልጅ ስልክ ላኪልኝ፣ እባክሽ» ትያለሽ። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ የመጣልኝ ቃል ይኼ ነው። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ሱቅ ውስጥ ቆሜ ለአንድ ሹፌር የፍሬን ሸራ እያወጣሁለት ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ሰውየው በእሱ የሳቅኩ መስሎት ተቆጣኝ።

ደስታዬ ግን ምሳ ሰዓት ድረስ እንኳ አልቆየልኝም። ዘርዓብሩክ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የሸሚዜን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች እየነካ ዝም ሲል ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ምን አደረገኝ? እሱን ረስቼ በአንቺ ላይ ስስቅ ያረፈድኩት አስጠላኝ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። አንቺና እኔ የምናስታውሰው አንድ ዓይነት መሆኑን እጠራጠራለሁ።

የተገናኘነው ሆስፒታል ወረፋ ላይ ነው። ኪዳን አራት ዓመቷ ነበር፣ ዘርዓብሩክ አምስት። ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ልጅሽ ኦቲዝም አለባት» ብሎኝ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ፈዝዤ ቆሜያለሁ። ልጅሽ መጣና ብስኩቱን ከኪዳን እጅ ቀምቶ በላው። እሷ ምንም አላለችም፣ አንቺ ግን ይቅርታ ልትጠይቂኝ ስትጀምሪ ዕንባሽ ቀደመሽ። «በብስኩት ነው የምታለቅሺው?» አልኩሽና ሁለታችንም ሳቅን። የአንድ ሰፈር ሰዎች መሆናችንን ያወቅነው ወደ ቀራንዮ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ረዳቱ እነዚህን ልጆች ዝም አስብሉልን ሲለን በአንድ አፍ ተነሣንበት።

ከዚያ ወዲያ ያላንቺ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ጸበል አመላልሳታለሁ፣ አንቺ ጸሎት ቤት ታመላልሺዋለሽ። «የእናንተ ካልሠራ የእኛን ሞክሪ» ትይኝ ነበር። እኔም የእናንተ ድምፅ ማጉያ ብቻውን ጤነኛውን ያሳምማል እልሽ ነበር። ባሌ ግሩም «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከቤት የወጣ ሰሞን ደጄን የረገጥሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እናቴ እንኳ ጭንቀቷ ጎረቤት እንዳይሰማ ነበር።

ስንቱን ትምህርት ቤት አንኳኳን? አንዱ ወላጆች ቅሬታ ያነሡብናል አለን። ሌላው ዘንድሮ ሞልቷል ብሎ አስወጣንና ገና ከደጃፉ ሳንርቅ ከኋላችን የነበረችውን እናት ልጅ መዘገበ። ተመልሰሽ ገብተሽ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሽው። እስክሪብቶው ወለል ላይ ተንከባለለ። ያን ቀን ወደድኩሽ። እንደ እህቴ አልልሽም፣ እህቴን ያን ያህል አልወዳትም።

አሁን ወደ መቀነቱ ልምጣ።

ኪዳን ስድስት ዓመት እንደሞላት የምትጠብቃት ሴት ጥላን ሄደች። በሦስተኛው ቀን አከራዬ ዘንድ ትቻት ሥራ ብገባ፣ በር ከፍታ ወጥታ አየር ጤና አስፋልቱ መሀል ቆመች። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር ነው አንሥቶ ለትራፊክ ፖሊስ የሰጣት። በማግስቱ ሥራ መግባት ነበረብኝ። ካልገባሁ ሥራው የለም፣ ሥራው ከሌለ ቤቱ የለም። የእናቴን መቀነት፣ ያንን አረንጓዴ ጥለት ያለውን፣ ከሣጥን አወጣሁ። አንዱን ጫፍ በአልጋው እግር፣ ሌላውን በልጄ እግር አሰርኩት። ውኃዋና ፖፖዋ ጋ እንድትደርስ ርዝመቱን ለካሁ። እንዳይከረክራት ካልሲ አድርጌላት ከካልሲው በላይ ነበር የማስረው። ይህን ሁሉ ሳደርግ አሳቢ እናት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፣ ታምኚኛለሽ? በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ ስፈታት ቀና ብላ አታየኝም። አምስት ወር እንደዚህ ኖርን።

ይህን የነገርኩት ላንቺ ብቻ ነው፣ ቤትሽ ሶፋሽ ላይ ተቀምጬ። እጄን ይዘሽ አለቀስሽ። የራስሽንም ነገርሽኝ። ገበያ ስትሄጂ ዘርዓብሩክን መኝታ ቤት አስገብተሽ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍተሽለት፣ በሩን ቆልፈሽበት ትወጫለሽ። አንድ ቀን ስትመለሺ በሩን በጥፍሩ ሲቧጥጥ አገኘሽው። «ማንም አይሰማም፣ ማሬ» አልሽኝ። እኔ አሰርኩ፣ አንቺ ቆለፍሽ። ልዩነቱ፣ የቁልፍ ምልክት እግር ላይ አይቀርም።

ከዚያ ያ አሁን ዘርዓብሩክን ያስወጣው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ከፈተ። ወሬውን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ። ስንደርስ የቀረው አንድ ቦታ ነው ተባልን። ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ ማንም አይገባም ብለን በሩ ላይ ቃል ተገባባን። ቃሉንም ያመጣሽው አንቺ ነሽ።

ዳይሬክተሯ በየተራ አስገባችን። አንቺ ቀደምሽ፣ ብዙ ቆየሽም። ስትወጪ ዘርዓብሩክ እጅ ላይ የመመዝገቢያ ወረቀት ነበር፣ አንቺ ወለል ወለሉን እያየሽ አለፍሽኝ። ወረፋው አድክሞሽ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ ስገባ ዳይሬክተሯ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ከወንበሯ ተነሥታ ኪዳን ፊት በርከክ አለችና የግራ እግሯን ካልሲ ዝቅ አደረገችው። የግራውን። የትኛው እግር እንደሆነ እንኳ ታውቅ ነበር።

«ጓደኛሽ ለልጅሽ አስባ ነው የነገረችኝ» አለችኝ።

አስበሽ ይሁን ቦታውን ፈልገሽ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ምናልባት አንቺም አታውቂውም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ይህን ማንም አያውቅም። ያን ቀን ጠዋት ራሴ ልነግራት ወስኜ ነበር የወጣሁት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠሽ ስለ ዩኒፎርም ስታወሪ እኔ በልቤ የምለውን እያጠናሁ ነበር። «ልጄን እያሰርኳት ነው፣ እርዱኝ» ልል ነበር። ቦታውን ዘርዓብሩክ ማግኘቱ እሰየው ነው። አንቺ የወሰድሽብኝ ያንን አንድ አረፍተ ነገር ነው። ከእኔ አፍ ቢወጣ ልመና ነበር፣ ከአንቺ አፍ ወጥቶ ክስ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ብርቱካን ይዘሽ በሬን አንኳኳሽ። ቤት ነበርኩ። በመስኮቱ መጋረጃ በኩል አይቼሻለሁ። እስክትሄጂ ድረስ ከኪዳን ጋር ዝም ብለን ተቀመጥን።

ዳይሬክተሯ ለወረዳው አመለከተች። ሁለት ሴቶች መጡ። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ታላቅየዋ ረጅም ሰዓት ቁጭ ብላ ጠየቀችኝ፣ ጻፈች፣ አጠገባችን ማን አለ ብላ ዙቤዳን አስጠራቻት። ዙቤዳ የግቢያችን ልብስ ሰፊ ናት። ነገሩን ስትሰማ የተቆጣችኝ ስላሰርኳት ሳይሆን ስላልነገርኳት ነው። በማግስቱ የስፌት መኪናዋን ተሸክማ እኔ ቤት አስገባች፣ ይኸው እስከ ዛሬ ኪዳንን እየጠበቀች እዚያው ትሰፋለች። አምስት ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ሰው ነበረኝ። ሐፍረቴ ግን ከአንቺ በቀር ለማንም አላስነገረኝም፣ ለአንቺ መንገር ደግሞ ምን እንዳመጣብኝ ታውቂያለሽ።

ሴትየዋ ልትወጣ ስትል ከማስታወሻ ደብተሯ ላይ ቀድዳ ስልክ ቁጥር ሰጠችኝ። ኪዳንን የምታሠለጥናትን ሌሊሴን ያገኘሁት በዚያ ነው። አንቺ ባትናገሪ ኖሮ ሌሊሴን አላገኛትም ነበር። ሁለት ዓመት ያቃጠለኝ ይኼ ነው። አንቺም እንዲህ አስበሽው «እንኳን ተናገርኩ» ብለሽ እፎይ ብለሽ ከሆነ፣ ያንን እፎይታ አልሰጥሽም።

ሌሊሴ መጀመሪያ የመጣች ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ወለል ላይ ተቀምጣ ከኪዳን ጋር የውኃ ጠርሙስ ክዳን ስታሽከረክር ቆየች። በልቤ ለዚህ ነው የተማረችው አልኩ። ልትሄድ ስትነሣ ልሸኛት ጫማዬን አጠለቅኩ። ኪዳን ብድግ አለች። ከአልጋው ሥር መቀነቱን ጎትታ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የአልጋው እግር አጠገብ ቁጭ ብላ ግራ እግሯን ዘረጋችልኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አላሰርኳትም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሌሊሴ ግን አልተቆጣችኝም፣ ዓይኗንም አላሸሸችም።

«ሊሄዱ ነው ወይ እያለችዎት ነው» አለችኝ። «ይኼ ቃሏ ነው።»

ልጄ አትናገርም ብዬ ለሐኪሙም ለካህኑም ለአንቺም ያወራሁት እኔ ነኝ። ለካ አንድ ቃል ነበራት። ያስተማርኳትም እኔ፣ በማሰሪያ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁት አልጽፍልሽም።

መቀነቱን ላቃጥለው ብል ሌሊሴ ከለከለችኝ። ያላት አንድ ቃል ነው፣ እሱንም ቀምተው ምን ሊሰጧት ነው አለችኝ። ማሰሩን ይተዉ እንጂ ለጥያቄዋ ይመልሱላት አለች። አሁን ኪዳን መቀነቱን ስታመጣ፣ የምሄድ ከሆነ ተቀብዬ በሩ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ስመለስ አወርደዋለሁ። እሷም እስካወርደው እየጠበቀች ትውላለች። የማልሄድ ከሆነ አጣጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥና ጫማዬን አውልቄ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ይህን ለመግባባት አራት ወር ፈጅቶብናል። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ መጡ፣ የውኃው፣ የዳቦው፣ የሽንት ቤቱ። ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ሥዕል ታውቃለች። ተአምር አይደለም። ልፋት ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ያገኘነውን ሁሉ ታጣዋለች።

ሌሊሴ በየቅዳሜው አንድ መዋዕለ ሕፃናት በፈቀደላት ክፍል ስድስት ልጆች ከነእናቶቻቸው ትሰበስባለች። ደንቧ አንድ ነው። ማንም እናት ከራሷ ልጅ ጋር አትቀመጥም፣ የሌላዋን ልጅ ትይዛለች። በራሳችሁ ልጅ ትፈራላችሁ፣ ታፍራላችሁ፣ የሰው ልጅ ላይ ግን የሚሆነውን ታያላችሁ ትለናለች። መጀመሪያ ዕብደት መስሎኝ ነበር። እስካሁን ኪዳንን የምትይዛት ሚሊዮን የሚባል ልጅ እናት ነበረች፣ እኔም ሚሊዮንን። እነሱ ባለፈው ወር አዳማ ገቡ፣ አንድ ቦታ ተለቀቀ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ሲበታተኑ ሌሊሴ ወረቀት ይዛ ጠጋ አለችኝ። እኔ ስልኳን ብከለክልሽ ከወረዳው አግኝተሽ ደውለሽላታል ለካ።

«የሚገባው ልጅ እናት ኪዳንን ነው የምትይዘው፣ እርስዎ ደግሞ ልጇን» አለችኝ። «ያውቋታል አሉ። ምን ዓይነት ሰው ናት?»

ያው ጥያቄ ነው፣ ኤልሳቤጥ። አሁንም አንድ ቦታ ነው፣ አሁንም አንዷ ውስጥ አንዷ ደጅ። የተቆለፈው በርና የልጅሽ ጥፍር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። እኔም ለልጅሽ አስቤ ነው ማለት እችል ነበር። ማንም አይፈርድብኝም ነበር።

«ልጁን አውቀዋለሁ» አልኳት።

የሸሚዝ ቁልፍ መንካት እንደሚያረጋጋው ነገርኳት። ውኃ ሲቀዳ ከሰማ የያዘውን ጥሎ እንደሚመጣ፣ ከኋላው መጥተው ራሱን ከነኩት ደንግጦ እንደሚገፋ ነገርኳት። ትምህርት ቤት የገፋው ልጅም ከኋላው ነክቶት መሆን አለበት። ከፈረሙት ወላጆች አንዱ እንኳ እንዳልጠየቀ አውቃለሁ። ሌሊሴ ሁሉንም ጻፈችው። «እናቱስ?» አለችኝ።

«የእሷን እሷ ትንገርሽ።»

ስለዚህ ንገሪያት። እኔ ያላገኘሁትን ዕድል ነው የሰጠሁሽ፣ ይቅር ብዬሽ ግን አይደለም። ይቅርታው ጋ አልደረስኩም፣ እደርስም እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው መዋዕለ ሕፃናት። ብርቱካን እንዳታመጪ። ልትስሚኝም አትሞክሪ። ዘርዓብሩክ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ለብሼ እመጣለሁ።

ኪዳን አንቺ ጋ ትቀመጣለች። ረዝማለች፣ ላታውቂያት ትችያለሽ። ዓይንሽን ካላየችሽ አታባብያት። ነፋሱ ከቆሼ በኩል ከመጣ መስኮቱን ዝጊላት፣ ሽታው ያስጮኻታል። መሀል ላይ መቀነቱን ከቦርሳዋ አውጥታ እጅሽ ላይ ታስቀምጠው ይሆናል። ምን እየጠየቀችሽ እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ። አንዴ ስትሄጂ አይታሻለች። ተቀበያት፣ አጣጥፊና አስቀምጪው፣ ጫማሽን አውልቂና አጠገቧ ተቀመጪ።

የኪዳን እናት፣
ማራኪ