ለሙዚየሙ ዳይሬክተር፦ ስለ ሁለተኛው ገመድ

እናቴ ሙዚየም ልትገባ ነው! በሕይወቷ፣ በጤናዋ፣ በሁለት እግሯ! ሰላምታ ሳላቀርብ መጀመሬ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ ደስታው ቀድሞኝ ነው።

የተከበሩ የስልክ ሙዚየም ዳይሬክተር፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ተኝተው ለከረሙበት መሳቢያዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእናቴ እጆችና ድምፅ ምስል በሚያሳየው በአዲሱ የሙዚየምዎ መነጽር ውስጥ እንዲቀርቡ መፍቀድዎን ትናንት ስለሰማሁ ምስጋናዬን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በሰው ፊት ላቀርብ ወደድኩ። እንዳይምታታብኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ጎብኚው በገዛ ስልኩ መተግበሪያ ጭኖ እንዲጎበኝ ስላሰቡ አመሰግናለሁ። የአዳራሹ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ኔትወርክ አይገባም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ወጥቶ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ጭኖ ይመለሳል። በስልክ ሙዚየም ውስጥ ስልክ አለመሥራቱ ለካ ስልክ ያልነበረበትን ዘመን እንድንቀምሰው ታስቦ ነው!

ሁለተኛ፣ መነጽሮቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ቻርጅ ላይ ነው፣ አንዱ ነገ ይሠራል ከተባለ ሁለት ወር አልፎታል። ለሦስተኛው ተሰልፈን ስንጠብቅ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ የልጇን የጋብቻ ጣጣ ከሀ እስከ ፐ አጫውታኛለች፤ ይህን የሚሰጥ መተግበሪያ የለም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። መነጽሩን ሲያደርጉት በእውነተኛው አሮጌ የስልክ ማገናኛ ሰሌዳ ፊት አንዲት ቆንጆ ኦፕሬተር ብቅ ትላለች። የጥሪ መብራት ሲበራላት አንድ ገመድ ትሰካና መሳቅ ትጀምራለች። እናቴ በዚያው ዓይነት ሰሌዳ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ገመዱም ጥንድ ነው፣ አንዱ ለደዋዩ፣ ሌላው ለሚደወልለት። እናቴ መነጽሩን እንዳደረገች፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁለተኛውን ስኪው እንጂ! ሰውየው ከግድግዳ ጋር ሊያወራ ነው?» ብላ ጮኸች፤ ራሷ ልትሰካላት እጇን ስትሰድም የጥበቃውን ኮፍያ ጠርጋ ጣለችው። ቢሮዎ ለአቤቱታችን «ጎብኚው ይህን አያስተውልም» የሚል አጭር መልስ ሰጠን። እናቴ ያን ቀን ምሳዋን አልነካችም። «የልጅ ልጆቼ ዕድሜዬን ሙሉ ስስቅ የኖርኩ ሊመስላቸው ነው» አለችኝ።

የኦፕሬተሯን ምስል የሠራው መሐንዲስ ግን፣ እድሜ ይስጠውና፣ ቤታችን ድረስ መጣ። እናቴ በጫማ ማሰሪያና ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ቅርጫት ግማሽ ቀን አስተማረችው። በስልኩ እየቀረጸ አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ዓይኑን ይጠርጋል። እርስዎ የፈቀዱት ያንን አይተው ነው፤ ለማየት ጊዜ ስላገኙ እጅግ አመሰግናለሁ።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ለአዲሱ ትርኢት ባለውለታዎች በተዘጋጀው ግድግዳ ላይ የመነጽሩ አስመጪ ስም ከሩቅ ይነበባል፣ እናቴ ግን «የቀድሞ ሠራተኛ» ተብላለች። ሃያ ስምንት ዓመት የሰውን ስም ለሰው ስትጠራ ኖራለችና የእሷም ሙሉ ስሟ ይጻፍላት። ቦታ ከጠበበ አስመጪውን ትንሽ ጠጋ በል ይበሉት።

ወንበርዎ እንዲረጋ፣ ባትሪዎ እንዳያልቅ ከልብ የምትመኝልዎ፣
የኦፕሬተሯ ልጅ፣ ከሙዚየሙ ጀርባ ያለው ልብስ ስፌት ቤት ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ተለማማጆቿ አንድ ገመድ ብቻ ሲሰኩ ጣታቸውን በእርሳስ ነካ ታደርግ ነበር። በቅዳሜው የትርኢቱ ምረቃ ገመዱን መጀመሪያ የሚሰኩት ክቡርነትዎ መሆንዎን ስነግራት እርሳስ መቅረጽ ጀመረች። ጎረቤቶቼ፣ ደንበኞቼ፣ ልብሳችሁ ያልደረሰላችሁም ጭምር፣ ያን ቀን ሱቁ ዝግ ነውና በከንቱ በር አታንኳኩ፤ ሁላችሁም ሙዚየሙ ኑልኝ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት!