አንተ የቆፈርከው አፈር

ውድ ወንድሜ ሙዚ፣

እማ ከሆስፒታል ስትመለስ «የኖምቡሶን ስም አታንሺብኝ አለኝ» ብላ ነገረችኝ። አልፈርድብህም። ይህን ደብዳቤ በምታስታምምህ ነርስ እጅ የላክሁት ለዚህ ነው።

ያን ቅዳሜ ታስታውሳለህ? ለትምህርቴ ቫይረስ የምፈልግበት አፈር ልወስድ መጥቼ፣ ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ከዱባው ማሳ ዳር ስገተር አካፋውን ከእጄ ነጠቅኸኝ።

«ደርባን ውስጥ አፈር አለቀ እንዴ?» አልክ፣ እያሳልክ።

«የቤታችን ይሻላል፤ ፍግ አለው።»

«ዩኒቨርሲቲ ልከንሽ ፍግ ለቃሚ ሆንሽ በይኛ።»

ቫይረሱ የተገኘው አንተ ከቆፈርከው አፈር ነው። የላብራቶሪው ሳህን ላይ እንደ ጉም በተነጠፈው ባክቴሪያ መሃል ጥርት ያሉ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ሳይ፣ ከማንም በፊት የደወልኩት ላንተ ነበር።

«ባክቴሪያ የሚገድል ቫይረስ አገኘሁ፤ የሳንባ ነቀርሳህን ዘመድ ጨረሰው» አልኩህ።

ዘመድ ያልኩትን አልሰማህም። «እኔ ደረት ውስጥ ያለውን ጉድ ገደልሽው?» ብለህ ሳቅህ። ከታመምክ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም።

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኛ የምንሠራበት ባክቴሪያ ሰው የማያሳምም መሆኑን፣ ቫይረሴን ባንተ በሽታ ላይ ማንም እንዳልሞከረው አውቅ ነበር። መምህራችን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። አንተ ግን ስልኩን ሳትዘጋ ለጎረቤት «እህቴ መድኃኒቴን አገኘችልኝ» ስትል ሰማሁህ። ሁልጊዜ «አንቺ ሚጢጢ» እያልክ የምታሾፍብኝ ወንድሜ። ጣፈጠኝ፣ ሙዚ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱም ዝም አልኩ።

ክኒኖቹ እንደሚያስመልሱህ፣ ጆሮህም ውስጥ እንደሚጮህብህ አውቃለሁ። ትተዋቸዋለህ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። እማ ፍራሽህን ስታራግፍ ክኒኖቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ምንድነው ብላ ስትጠይቅህ «የኖምቡሶ መድኃኒት እስኪደርስ ነው» አልካት። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ላብራቶሪው በር ላይ ቁጭ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ደም አስለህ አምቡላንስ ወሰደህ።

ቫይረሱን ያገኘ ተማሪ ስም ያወጣለታል። ያንተን ስም ልሰጠው አስቤ ነበር፤ በስምህ ራሴን ይቅር ያልኩ መሰለኝና ተውኩት። ዱባ አልኩት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ሕክምናውን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው አስጀምረውሃል አሉ። እስክታቋርጥ የዋጥከው ሁሉ ባከነ ማለት ነው። ያንን ያባከንኩብህ እኔ ነኝ።

አሁን አልዋሽህም። የኔ ቫይረስ አያድንህም። የሚያድንህ ያ የምትጠላው ክኒን ነው። እሁድ እመጣለሁ። አላያትም ካልክ ከመስኮቱ ውጭ እቆማለሁ። ስድብህን ሁሉ አጠራቅመህ ጠብቀኝ፤ አንዱንም አልመልስልህም። ብቻ አስቀድመህ ክኒንህን ዋጥ።

እህትህ ኖምቡሶ